አሮጌ ሞተር ሳይክል በቤት፦ እንዳለ ማቆየት፣ ወደ ጥንቱ መመለስ ወይስ መቀየር?

አዲስ አበባ መሐል አሮጌ ሞተር ሳይክል እጅ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ፈልገውት አይደለም። ከአያት ቤት ጓሮ ሸራ ለብሳ የከረመች ቬስፓ ትኖራለች፤ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገደው ያማሃ ይኖራል፤ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ግድግዳ ተደግፎ የቆየ ጃዋ ወይም ኤምዜድ ይኖራል። የተረከበው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ይፈጃል?" ብሎ ነው። እኔ ከዋጋው ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ ዛሬ የምሠራውን ነገ ሐሳቤን ብቀይር ማፍረስ እችላለሁ ወይ? ቤት ውስጥ ቀስ እየተባለ የሚሠራ ሥራ ዓመታት ይወስዳል። በዚያ መሐል የሰውየው ፍላጎት፣ የዕቃው ዋጋ፣ የከተማው ደንብ ሁሉ ይለዋወጣል። ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች የማያቸው በዚሁ ሚዛን ነው፤ የሚመለስ ለውጥ ነው ወይስ የማይመለስ።

ከመፍቻ በፊት ወረቀት

ሊብሬ ያለው ዝገት፣ ሊብሬ ከሌለው ከሚያብረቀርቅ ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡ። ጃፓን ሠራሾቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማኑብሪዮው (መሪው) በሚታሰርበት የቴላዮ (የሞተር ሳይክሉ የብረት አጥንት) አንገት ላይ ነው፤ ቬስፓ ላይ ከጎን ሽፋኗ ስር ቆርቆሮው ላይ ተመትቷል። ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለየ፣ ሻጩ "የጸሐፊ ስህተት ነው" ቢላችሁ ጸሐፊው ሳያስተካክለው ብር አትቁጠሩ። የሞተር ቁጥርና ቀለምም እዚያው የሰፈሩ ናቸው። ሌላ ሞተር የሚገጥም ወይም ቀዩን ጥቁር የሚያደርግ ሰው ወደ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት መመላለሱን ከሥራው ጋር አብሮ ይቁጠረው።

ሌላም አለ። የከተማው አስተዳደር ከሐምሌ 2011 መግቢያ ጀምሮ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሏል። የእናንተ ታርጋ በምን ሁኔታ መሐል ከተማ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል የሚነግራችሁ ፈቃድ ሰጪው ክፍል ነው፤ ከጋራዥ ወሬ አትነሡ። ይህን መጀመሪያ ያነሣሁት ላስፈራራ አይደለም። ሞተሩ ለተወሰነ ጊዜ ቆሞ ሊቀመጥ እንደሚችል ያወቀ ሰው ምርጫው ይለያል፤ ቆሞም ዋጋውን የሚጠብቅ ነገር ይሠራል።

ሦስቱ መንገዶች

እንዳለ ማቆየት ማለት አለማደስ ማለት አይደለም። ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ኩሽኔታው ሁሉ ይሠራል፤ ቀለሙና ክሮሙ ግን ይታጠባል፣ ይወለወላል፣ ይተዋል። ወጪው ከሁሉም ያንሳል፤ ከባዱ ነገር እጅን መሰብሰብ ነው። ጎረቤቱም፣ የአጎት ልጁም፣ መካኒኩም "ቀለም ብትቀባት እኮ አዲስ ትሆናለች" ይሏችኋል። የፋብሪካው ቀለም ከግማሽ በላይ ካለ እኔ ይህን ነው የምመርጠው። ቀለም መቀባት መቼም ይቻላል፤ የተፋቀን የፋብሪካ ቀለም ግን በምንም ገንዘብ አትመልሱትም። ዝገት ያነጠበው ክሮም ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይድናል፤ የማብሰያ አሉሚኒየም ፎይል ጨምደዱና ውኃ አስነክታችሁ በቀስታ እሹት።

ወደ ጥንቱ መመለስ የሚያምር ቃል ነው፤ ኪስ የሚያራቁተውም እሱ ነው። ሰው የሚፈራው ሞተሩን ሲሆን የሚያስለቅሰው ግን ቅንጥብጣቢው ነው፦ ሰልባትዮው (የቤንዚን ጋኑ) ላይ የነበረችው አርማ፣ የፍጥነት መለኪያው መስታወት፣ የፊት መብራቱ ቀለበት፣ የእግር ማሳረፊያው ጎማ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ከውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ ጎማና ቀለበት ዋጋው ሌላ ሆኗል። ይህን መንገድ የምመክረው ሞተር ሳይክሉ ከነቅንጥብጣቢው ሙሉ ከሆነ፣ ወይም ለሞዴሉ ዛሬም ዕቃ የሚያመርት አገር ካለ ብቻ ነው። ሲፈታ አንድም ነገር አይጣል። የተሰበረው ፕላስቲክ እንኳ ለቶርኖ ቤቱም፣ ለብየዳውም፣ ውጭ ላለው ዘመድም ናሙና ነው።

መቀየር በቪዲዮ ሲታይ ቀላል ነው። ሴላው (መቀመጫው) ይቆረጣል፣ ማኑብሪዮው ዝቅ ይላል፣ ፓራፋንጎው (የጭቃ መከላከያው) ይወልቃል፣ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ያጥራል። አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ተፈትተው የቀሩት አብዛኞቹ ግን እንዲህ ተጀምረው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ የማደስ ሥራ መድረሻው የታወቀ ነው፤ የመቀየር ሥራ እያንዳንዱ እርምጃ ሌላ ሥራ ይወልዳል። ሴላው ሲያጥር ባትሪው የሚቀመጥበት ይጠፋል፣ ባትሪው ሲዛወር ሽቦው ያጥራል፣ ሽቦው ሲቀጠል ፊውዙ መቃጠል ይጀምራል። ለመቀየር የቆረጠ ሰው መጀመሪያ በቡሎን የሚገቡትንና የሚወጡትን ይቀይር፤ ማኑብሪዮ፣ መብራት፣ ሴላ፣ የኋላ አሞርቲዘር። የወለቀው ሁሉ በጆንያ ተቋጥሮ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ቴላዮ ላይ ግራይንደር የሚነሣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ባይነሣ ደግሞ እሰየው። የተቆረጠ ቴላዮ ሲበየድ ቀጥታነቱን መጠበቁ የሚታወቀው በፍጥነት ላይ እያለ ነው፤ ምርመራ ላይም ጥያቄ ያስነሣል።

ኤሌክትሪክ ማድረግስ? አገሪቱ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደች በኋላ ይህ ጥያቄ በየቦታው ይነሣል። አጭር መልሴ፦ ሞተሩ ለጠፋበት ቴላዮ አዎ፣ ሞተሩ ላለው አይ። ባትሪው የሚይዘው ቦታና ክብደት አሮጌውን ቴላዮ ያጨናንቀዋል፤ የሞተር ቁጥሩ ጉዳይ ደግሞ ከሊብሬው ጋር ያጋጫችኋል።

የቱ ሞተር ለየቱ መንገድ

ቬስፓ ከሆነች አድሱ እንጂ አትቀይሩ። እ.ኤ.አ. በ1946 ስትወለድ ጀምሮ ቆርቆሮዋ ራሱ ቴላዮ ነው። እግር የሚረገጥበት ወለል በዝገት ከተበላ የተበላው አጥንቷ ነው ማለት ነው፤ በስቱኮ የተሸፈነ ወለል ደግሞ ገዢን ማታለያ ነው። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። ዕቃዋ ከሌላው አሮጌ ሞተር በተሻለ ይገኛል፤ የሕንዱ ባጃጅ ቬስፓን በፈቃድ ያመርት ስለነበር፣ ከዚያም ቼታክ የተባለውን ከቬስፓ ስፕሪንት አንሥቶ ስለሠራ፣ የሕንድ ዕቃ ብዙ ቦታ ይገጥማል። ጎማ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ባለ 8 ኢንች የቆዩት ቬስፓዎች 3.50-8 ነው የሚለብሱት፤ ጎማ ሻጩ የባለ ሦስት እግሩን ባጃጅ 4.00-8 አውጥቶ "ይሄዳል፣ ይሄዳል" ይላችኋል። ቸርኬው ላይ በእርግጥ ይወጣል፤ ወርዱ ግን ይሰፋል። አስገብታችሁ፣ በእጅ አሽከርክራችሁ፣ የሚነካካው እንደሌለ ሳታዩ አትክፈሉ።

ጃዋና ኤምዜድ በሶሻሊስቱ ዘመን ከቼኮዝሎቫኪያና ከምሥራቅ ጀርመን የወጡ ናቸው፤ ሁለቱም ባለ ሁለት ምት (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልላቸው)፣ ሁለቱም ወፍራም ብረት። ጃዋ 350 ለማያውቀው ሰው የሚያስገርም ነገር አላት፦ ማርሽ የሚገባበትና ሞተር የሚመታበት ዘንግ አንድ ነው። ወደ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ላይ ሲዞር መምቻ ይሆናል። የማርሹ ዘንግ ሲረገጥ ደግሞ ፍሪሲዮኑ ራሱ ይለቃል። ይህን የማያውቅ መካኒክ "መምቻ የላትም" ብሎ ካምቢዮውን ሊፈታ ይነሣል። እንደዚህ ያለ ጠባይ ያለውን ማሽን ቀይሮ ከሌላው ማመሳሰል ለእኔ ያስቆጫል፤ እንዳለ ማቆየት ይበጃል።

የጃፓን ባለ ሁለት ምቶች፣ ያማሃ ዲቲ 125ንና ኤጂ 100ን የመሳሰሉት፣ ለቤት ሥራ ከሁሉም ይመቻሉ። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን በቀላል መፍቻ በአንድ ከሰዓት ማውለቅ ይቻላል። ዘይቱ በተለየ ጋን ነው የሚቀመጠው፤ በትንሽ ፓምፕ ራሱ ይቀላቀላል። ዓመታት የቆመ ከሆነ ግን ፓምፑ አየር ይዟል። አየሩ ወጥቶ ዘይቱ በትክክል መውረዱ እስኪረጋገጥ የመጀመሪያውን ቤንዚን በእጅ ዘይት ቀላቅላችሁ ሙሉት፤ በሊትር 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ይበቃል። የጥንቶቹ ቬስፓዎች ከአምስት እስከ ስድስት በመቶ ይጠይቁ ነበር፣ በኋላ የመጡት ሁለት በመቶ፤ ስለዚህ የሞዴሉን ዓመት ሳታውቁ አትቀላቅሉ።

መቀየር ካማራችሁ ሆንዳ ሲጂ 125ን ወይም ከእሷ የተቀዱትን የቻይና ሞተሮች ፈልጉ። ሆንዳ ሲጂን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣችው ጥገና በማይበዛበት አገር እንድትኖር አስባ ነው፤ ቫልቮቹን የሚገፋው ዘንግ ስለሆነ ቴስታታ ድረስ የሚወጣ የጊዜ ካቴና የለባትም። ቻይናዎቹ ሞተሯን በብዛት ስለገለበጡት ፋሻው (የፒስታኑ ቀለበት)፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካርቡራተሩ መርካቶ አይጠፋም። ቢበላሽ የሚተካ፣ ቢያስጠላ የሚመለስ ነው። አንድ የቤተሰብ ቅርስ የሆነ ማሽን ቆርጦ ከመማር እዚህ ላይ መማር ይሻላል።

ኡራል ከተገኘ፣ ያ ከቢኤምደብሊው አር 71 የተቀዳው ባለ ጎን ጋሪ፣ ግቢ ለሌለው ሰው አይሆንም። ነገሩ በዚሁ ይቆረጥ።

ሬቲፊካ ወይስ አዲስ ሲሊንደር

ሬቲፊካ ማለት ያለቀውን ሲሊንደር አስፍቶ ማስተካከል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ብር ይባክናል፤ ስለዚህ በዝርዝር ልሂድበት።

ሲሊንደሩ ከወለቀ በኋላ ከሁሉ በፊት ቢዬላውን (ፒስታኑን የያዘውን ዘንግ) እዩ። ፒስታኑን ወደ ላይኛው ጫፍ አምጡ፣ ቢዬላውን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ወደ ጎን ትንሽ መላወሱ የተፈጥሮ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች "ጠቅ" የሚል ከተሰማችሁ ግን ችግሩ ሲሊንደሩ አይደለም፣ ኮሎው (የሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ነው፤ ኮሎው ሳይሠራ አዲስ ፒስታን መግጠም ገንዘብን ከጭስ ጋር ማውጣት ነው። ባለ ሁለት ምት ላይ በዚሁ አጋጣሚ በኮሎው ግራና ቀኝ ያሉት ፓራዮሊዮዎች (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች) ይቀየሩ። ጎማው ዓመታት ቆሞ ሲደርቅ አየር ይስባል፤ በዚያ የገባ አየር ቤንዚኑን ያሳሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፒስታኑም ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል)።

ኮሎው ደህና ከሆነ ምርጫው ሁለት ነው። ለቻይናና ለሕንድ ሞተሮች አዲስ ሲሊንደር ከነፒስታኑ በካርቶን ይሸጣል፤ ጥራቱ እንደ አምጪው ነው። ለጃዋ፣ ለኤምዜድ፣ ለአሮጌ ያማሃ ግን ሬቲፊካ ያዋጣል፤ የድሮው ሲሊንደር ብረት ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይበረታል። ቅደም ተከተሉን ብቻ አትሳቱ። መጀመሪያ የሚገዛው ፒስታኑ ነው። የጃፓኖቹ በ0.25 ሚሊ ሜትር እየጨመሩ እስከ 1.00 ይሄዳሉ፣ ቬስፓ በ0.2 ነው። ሬቲፊካ ቤት ፒስታኑንና ሲሊንደሩን አብራችሁ ስጡና "በዚህ ልክ" በሉ። ቀድማችሁ ሲሊንደሩን ካሰፋችሁ በኋላ በዚያ ልክ ፒስታን ፍለጋ መርካቶን ማሰስ ይጀመራል። ባለ ሁለት ምት መሆኑን ደግሞ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ። በፒስታኑና በሲሊንደሩ መሐል ያለው ክፍተት ከአራት ምቱ ሰፋ ይላል፣ የመስኮቶቹ (የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች) ጠርዝም በሞረድ መሞት አለበት፤ አለዚያ ፋሻው እዚያ ላይ ተይዞ ይሰበራል።

የሚሠራልንን ሰው መስማትም ይጠቅማል። አንድ ጊዜ የቢዬላውን የላይኛ ቡሽ ላስቀርጽ ቶርኖ ቤት ሄጄ፣ የነበረኝ ቁራጭ ብረት ስለሆነ "ጋሼ፣ ከዚህችው ቢያወጡልኝስ?" አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ "ልጄ፣ ብረት ለብረት ካጋባሃቸው ፒኑን ይበላልሃል። ብሮንዝ ይዘህ ና" አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ይህን የሚል ቶርኖ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ፣ ሌላውንም ሥራ ለእሱ አድርጉ።

ፑንቲና ወይስ ኤሌክትሮኒክ

ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ በየጊዜው የሚያስነሣው ፑንቲና ርካሽ ነው፣ መንገድ ላይ በብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፣ ክፍተቱ በአብዛኛው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ኤሌክትሮኒኩ አንዴ ከተገጠመ ይረሳል፤ ሲሞት ግን ድንገት ነው የሚሞተው፣ መንገድ ላይም አይጠገንም። የሚገጠመው በቡሎን ስለሆነ ይመለሳል፤ ስለዚህ አልቃወመውም። ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ማሳደግም ለማታ ነጂ ተገቢ ነው። ባትሪው፣ አምፖሉ፣ ጡሩምባው፣ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል አብሮ መለወጡን ግን ከሒሳቡ አታጉድሉ።

ቀለም፦ በራስ እጅ ወይስ ፎርኖ

በራስ እጅ የሚቀባ ሰው ወቅት ይጠብቅ። በክረምት እርጥበት የተረጨ ቀለም ነጭ ጉም ይለብሳል፤ በበጋ ደግሞ ንፋሱ አቧራ ያመጣል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ማለዳ ላይ፣ ወለሉን ውኃ ረጭቶ መሥራት ይመቻል። ፎርኖ (ቀለም ማድረቂያ ምድጃ) ያለው የመኪና ቀለም ቤት ቆዳው የጠነከረ ሥራ ይሰጣችኋል፤ ሰልባትዮውንና ሽፋኖቹን ብቻ ወስዳችሁ ቴላዮውን በቤት መቀባት ጥሩ መሐከለኛ መንገድ ነው። የማፋቁን ሥራ ግን ራሳችሁ ሥሩ። ለቀለም ቤት የተሰጠ ዝገት ሳይፋቅ በስቱኮ ተሸፍኖ ሊመለስ ይችላል። ስድስት ወር ያምራል፣ ከዚያ ይነፋል።

በግቢ ውስጥ ልጆች ካሉ አሮጌ ቀለም በደረቁ አይፋቅ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በውኃ እያራሳችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፣ ዝቃጩንም ሰብስቡ። የድሮ ፍሬን ሸራ ዱቄትም አስቤስቶስ ሊሆን ይችላልና በአፍም በኮምፕረሰርም አይነፋም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ስለ ሰልባትዮው ደግሞ አንድ ነገር፦ ቤንዚኑ ያለቀው ከሞላው ይበልጥ ያስፈራል፤ የሚፈነዳው እንፋሎቱ ነው። ብየዳ የሚፈልግ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ፣ ውኃ እስከሚበየደው ቦታ ተሞልቶ ነው። "እኔ ስንቱን በይጃለሁ" የሚል በያጅ ካጋጠማችሁ ሰልባትዮውን ይዛችሁ ውጡ።

የት ይሠራል፣ ዕቃው ከየት

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሞተር ማደስ ይቻላል፤ ሲሊንደሩ፣ ካርቡራተሩ፣ ካምቢዮው ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ፣ ቴላዮው ታች ይቆማል። ቤንዚን ግን ቤት አይገባም፤ ለዕቃ ማጠቢያ ናፍጣ ይበቃል። ግቢ ተጋርታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ከአከራዩም በፊት እማማን አስፈቅዱ፤ ልብስ የሚሰጣበት ገመድ ስር ማርሚታ ማስነሣት ሥራውን በአንድ ቀን ያስቆማል።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ይጀመራል። ሶማሌ ተራ በዋናነት የመኪና ነው፤ ኩሽኔታ፣ ፓራዮሊዮና ላስቲክ ግን በሞተር ሳይክሉ ስም ሳይሆን በልክ ስለሚገዛ እዚያም ይገኛል። ኩሽኔታው ጎን ላይ ቁጥር አለ፤ 6204 ካለ 6204 ነው፣ ከየትም ፋብሪካ ይምጣ። ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ አሮጌ ብረት ውስጥ መቆፈር ደግሞ ለትዕግሥተኛ ሰው የቅዳሜ መዝናኛ ነው፤ የተለየ ሞላ፣ አሮጌ መብራት፣ የሚቀረጽ ብሮንዝ ይወጣበታል። ፒያሳና ካዛንቺስ ቤቶች መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ ድሮ የምናውቃቸው ሱቆችና ጋራዦች ተበትነዋል። ከቦታው ይልቅ የሰውየውን ስልክ መያዝ ይሻላል። የማይገኘው ቅንጥብጣቢ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ ለአክስት ልጅ "የቬስፓ ጎማ" ብቻ ብላችሁ አትላኩ፣ የክፍሉን ቁጥርና ፎቶውን አብራችሁ ላኩ።

የፍሬን ሸራ ከውጭ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ የድሮውን ጫማ ይዛችሁ ብትሄዱ ሸራ የሚለጥፍላችሁ እዚሁ አለ። ከፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ለሚወርድ ሰው፣ ከቀለሙም ከሞተሩም ቀድሞ ብር ሊወጣበት የሚገባው ይኸው ነው። አሮጌውን ታምቡር ወደ ዲስክ መለወጥ ብዙ የፊት ክፍል ያስለውጣል፤ ታምቡሩ ተላዝቦ፣ ሸራው ሙሉ ሆኖ፣ ገመዱ ከተቀየረ ለ125 ይበቃል።

ከፍታው

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው የካርቡራተር ምክር በአመዛኙ ባሕር አጠገብ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚያ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየር ሲያንስ ያው ጂግለር (ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ክፍል) የሚያሳልፈው ቤንዚን ለአየሩ ይበዛል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ቤንዚን ይበላል። ከተጻፈለት ጉልበት አምስተኛው እስከ ሩቡ በአየሩ ምክንያት ብቻ ይቀራል፤ ይህን ሳያውቁ "ሞተሩ ደክሟል" ብለው ሬቲፊካ የሚያስገቡ አሉ።

እንዳለ ለሚያቆየውና ወደ ጥንቱ ለሚመልሰው መፍትሔው ቀላል ነው። በዋናው ጂግለር ላይ 100 ከተጻፈ 95 ወይም 92 ሞክሩ፤ ከካርቡራተሩ ፒስታን ጋር የምትወጣው መርፌ ላይ ያለችውን ክሊፕ ደግሞ አንድ ደረጃ ወደ ላይ አድርጓት፣ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ሁለቱንም በአንድ ቀን አትለውጡ፤ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ካንዴላው ቡና ቀለም ሲይዝ ቁሙ።

ለሚቀይረው ግን ይወሳሰባል። ክፍት የአየር ማጣሪያና ክፍት ማርሚታ አየር ስለሚጨምሩ ከፍ ያለ ጂግለር ይፈልጋሉ፤ ከፍታው ደግሞ ዝቅ ያለ ይፈልጋል። ሁለቱ እርስ በርስ ይካካሱና አንዳንዴ የድሮው ጂግለር ራሱ ልክ ሆኖ ይገኛል። በቪዲዮ አይቶ ሁለት ቁጥር ከፍ ያደረገ ሰው አራት ኪሎ ሳይደርስ ካንዴላ ይጠርጋል። ባለ ሁለት ምት ላይ ማርሚታውን መክፈት ደግሞ ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም። የማርሚታው ቅርጽ ሊያመልጥ የነበረውን ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ የሚመልስ ነውና ሲቆረጥ ጉልበቱም አብሮ ይቆረጣል።

የተሠራው ሞተር የመጀመሪያ ረጅም ጉዞው ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጥንቃቄው ይገለበጣል። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ናት፣ አዋሽ ወደ 1,000 ትወርዳለች፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ለአዲስ አበባ የሳሳው ጂግለር እዚያ ከመጠን በላይ ይሳሳል፣ በተለይ ባለ ሁለት ምቱ ሙሉ ጋዝ ላይ ሳለ ይነክሳል። ከፋብሪካ የመጣውን ጂግለር፣ የካንዴላ መፍቻና ካቻቢቴ ይዛችሁ ውረዱ። አዳማ ስትደርሱ ሞተሩን በሩጫው ላይ እንዳለ አጥፍታችሁ ቁሙና ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ነጭ ካደረገ እዚያው ጥላ ስር ለውጡት፤ መተሐራ ድረስ አትጠብቁ።